የፈረሴ የኋላ እግር ቁርጭምጭሚት አብጧል፤ ላሳርፈው ወይስ ላንቀሳቅሰው?

የመጋላው ባለቤት፦

ለሁላችሁም ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ዕድሜው 14 ዓመት የሆነ የተኮላሸ መጋላ ፈረስ አለኝ። ከአራት ቀን በፊት ጠዋት ኮቴውን ላጸዳ ጎንበስ ስል የግራ የኋላ እግሩ ቁርጭምጭሚት በሁለቱም ጎን ተነፍቶ አገኘሁት። በውጪው ጎን ያለው እብጠት ለሁለት የተከፈለ እንቁላል ያህላል፤ ሲነኩት ለስላሳ ነው፤ ከቀኝ እግሩ ጋር ሳነጻጽረው ትንሽ የሞቀ መሰለኝ። በእርምጃ ሲሄድ ምንም አያሳይም፤ በጠንካራ መሬት ላይ በሶምሶማ ወደ ግራ ሳዞረው ግን የዚያን እግር እርምጃ ያሳጥራል። እብጠቱን ከማየቴ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ዳገትና ቁልቁለት የበዛበት ረጅም መንገድ ጋልቤዋለሁ።

እስካሁን ያደረግሁት በቀን ሁለት ጊዜ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ብቻ ነው። አንድ ወዳጄ ከራሱ ፈረስ የተረፈ የሕመም ማስታገሻ ዱቄት ሰጥቶኛል፤ ነገር ግን ገና አልሰጠሁትም። ጋጣ ውስጥ ዘግቼ ላሳርፈው ወይስ በቀስታ ላንቀሳቅሰው የሚለው ግራ አጋብቶኛል፤ ልምድ ያላችሁ እንድትመክሩኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ባለ ሦስት ፈረስ፦

ወንድሜ፣ ማስታገሻውን አለመስጠትዎ ትልቅ ነገር ነው፤ እባክዎ ሐኪም ሳያየው አይስጡት። ሕመሙ ሲደበዝዝ ፈረሱ የተጎዳውን እግር እንደ ጤነኛው ይጭነዋል፤ ሐኪሙም መጥቶ ሲያስሮጠው የሚያየው ፈረሱን ሳይሆን መድኃኒቱን ይሆናል።

ስለ ዕረፍቱ ከመነጋገራችን በፊት ጥቂት ነገር ቢያጣሩልን ይሻላል። መጀመሪያ የሰውነቱን ሙቀት ይለኩ፤ ያረፈ ጤነኛ ፈረስ ሙቀቱ ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ የልብ ምቱም በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ይሆናል። ቀጥሎ እግሩን በሙሉ ከጉልበቱ እስከ ኮቴው ፀጉሩን እየገለጡ በጣትዎ ጫፍ ይዳስሱ፤ የእሾህ ወይም የሽቦ ጭረት፣ የደረቀ ደም፣ ተጣብቆ የቆመ ፀጉር ካለ ይንገሩን። ሙቀቱን ደግሞ በመዳፍዎ ሳይሆን በእጅዎ ጀርባ ይመርምሩ፤ የእጅ ጀርባ ቆዳ ስስ በመሆኑ ትንሿን ልዩነት ይለያል። ሲመረምሩ ፈረሱ ውሃ ከፈሰሰበት ወይም ፀሐይ ላይ ከቆመ ቢያንስ አንድ ሰዓት ያለፈው ይሁን፤ ያለዚያ የሚሰማዎት ሙቀት ከውጭ የመጣ ሊሆን ይችላል።

የእንስሳት ሐኪም፦

ከላይ የተሰጠው ምክር ትክክል ነው፤ እኔ የምጨምረው እብጠቱ በትክክል የት እንዳለ ስለ መለየት ነው። «መገጣጠሚያው አብጧል» ተብሎ የሚመጣልኝ ፈረስ ብዙ ጊዜ ያበጠው መገጣጠሚያው ሳይሆን ጎረቤቱ ሆኖ ይገኛል።

መገጣጠሚያ ማለት የሁለት አጥንቶች ጫፍ በልም አጥንት ተሸፍኖ፣ በከረጢት ታሽጎ፣ በሚያሟልጭ ፈሳሽ የሚተሻሽበት ቦታ ነው። ከረጢቱ ሲቆጣ ፈሳሹን ከልክ በላይ ያመነጫል፤ ፈሳሹም አጥንትና ጅማት በማይጫኑት ክፍት ቦታ በኩል ወደ ውጭ ይነፋል። በቁርጭምጭሚት ላይ ይህ የሚታየው ከረጅሙ አጥንት ጀርባ፣ በአጥንቱና ቁርጭምጭሚቱን አቅፎ በሚይዘው ጅማት መካከል ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ፣ በዚሁ ጅማትና ከበስተኋላ በሚወርዱት ጅማቶች መካከል የሚነፋው ግን የጅማቶቹ ሽፋን እንጂ መገጣጠሚያው አይደለም። የሁለቱ ርቀት የአንድ ጣት ውፍረት ያህል ነው፤ ሕክምናቸው ግን የተለያየ ነው። እግሩን ከመሬት አንስተው፣ ቁርጭምጭሚቱን በትንሹ አጥፈው ቢዳስሱ ጅማቶቹ ስለሚላሉ ቦታውን መለየት ይቀልልዎታል። አንዱን ጎን ሲጫኑ ሌላው ጎን የሚነፋ ከሆነ ሁለቱም የአንድ ከረጢት ፈሳሽ ናቸው።

በቋንጃም ላይ እንዲሁ ነው። ከፊት ወደ ውስጥ በኩል አንድ ትልቅ እብጠት፣ ከበስተኋላም ሁለት ትንንሾች ወጥተው አንዱ ሲጫኑት ሌሎቹ የሚሞሉ ከሆነ የመገጣጠሚያው ፈሳሽ ነው። ከቋንጃው በላይ ከትልቁ ጅማት ፊት ለፊት ሆኖ ከግራ ወደ ቀኝ የሚገፋው ደግሞ የጅማት ሽፋን ነው። በቋንጃው ጫፍ ላይ እንደ ቆብ የሚቀመጠው ፈረሱ ግድግዳ በመርገጡ ወይም በደረቅ ወለል ላይ በመተኛቱ የሚመጣ ሲሆን፣ መልኩን ቢያበላሽም አካሄዱን የሚጎዳው አልፎ አልፎ ነው።

ሁለቱም የኋላ እግሮች ከቁርጭምጭሚት ወደ ላይ እኩል ካበጡ፣ ሲጫኑት የጣት ምልክት ከቀረ፣ ሕመምና ሙቀት ከሌለው፣ ፈረሱም ግማሽ ሰዓት ሲራመድ እብጠቱ ከጎደለ፣ ያ ቆሞ በመዋሉ የተጠራቀመ ውሃ ነው። የእርስዎ ፈረስ ያበጠው በአንድ እግር ብቻ ስለሆነና በሶምሶማ ስለሚሰማው በዚህ አልመድበውም።

የመጋላው ባለቤት፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ዶክተር፤ ለእርስዎም ባለ ሦስት ፈረስ። ዛሬ ጠዋት ከምግብ በፊት ለካሁት፤ ሙቀቱ 37.9፣ የልብ ምቱ 36 ነው። እግሩን ከላይ እስከ ታች በሁለት እጄ ዳሰስሁ፤ ቁስልም ጭረትም አላገኘሁም። እግሩን አንስቼ የውጪውን እብጠት በአውራ ጣቴ ስጫነው የውስጠኛው ጎን ወዲያው ወደ ሌላኛው ጣቴ ገፍቶ ወጣ፤ ቦታውም ከአጥንቱ ጀርባ ተጣብቆ ነው። ቁርጭምጭሚቱን እስከ መጨረሻው ላጥፈው ስሞክር ጆሮውን ወደ ኋላ ጥሎ እግሩን ነጠቀኝ፤ ቀኙን ሳጥፈው ግን ዝም ብሎ ቆሟል። ሐኪም ለመጥራት ቀጠሮ ይዣለሁ፤ የሚመጣው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። እስከዚያ መጠበቅ ይቻላል?

የእንስሳት ሐኪም፦

የጻፉት የመገጣጠሚያው ከረጢት መቆጣትን ያመለክታል። ሙቀቱ ልከኛ ከሆነ፣ ቁስል ከሌለ፣ በእርምጃም ሳያነክስ የሚሄድ ከሆነ ሦስት ቀን መጠበቅ ይቻላል። እስከዚያ ድረስ ግን ግልቢያ፣ ሶምሶማና በጠባብ ዙር ማሽከርከር ይቁም። በትንሽ ግቢ ውስጥ እንደ ፈቃዱ እንዲራመድ ይተዉት፤ ከሌሎች ፈረሶች ጋር የሚሯሯጥ ከሆነ ግን ለብቻው ይሁን።

ቅዝቃዜው ይጠቅማል፤ አሰጣጡ ግን ይስተካከል። ከቧንቧ ሁለት ደቂቃ ማፍሰስ ቆዳውን ከማርጠብ አያልፍም። በአንድ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ ያድርጉት፤ በረዶ ካገኙ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው እንጂ በቀጥታ ቆዳው ላይ አያሳርፉት። ቅዝቃዜ ከሁሉ በላይ የሚሠራው ጉዳቱ በደረሰ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ቢሆንም፣ ሙቀቱ እስካልጠፋ ድረስ መቀጠሉ ጉዳት የለውም።

በእነዚህ ሦስት ቀናት ውስጥ እግሩን መሬት ማስረገጥ ካቃተው፣ ሙቀቱ ከ38.5 ካለፈ፣ ወይም መብላት ካቆመ ቀጠሮውን አይጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ሐኪም ይጥሩ።

ዘግይቼ የጠራሁ፦

ይህን የዶክተሩን የመጨረሻ መስመር ሁሉም ሰው ደግሞ ደጋግሞ እንዲያነበው እለምናለሁ። ዘጠኝ ዓመት አብራኝ የኖረች ባዝራ ያጣሁት በአንዲት የጣት ጥፍር በማትሞላ ቁስል ነው።

ቅዳሜ ማታ ከግጦሽ ሳስገባት ከቋንጃዋ ፊት ለፊት አንድ ቀዳዳ አየሁ። ደም እንኳ አልነበረውም፤ ፀጉሩ ላይ የደረቀ የእንቁላል አስኳል የመሰለ ቢጫ ነገር ብቻ ነበር። አላነከሰችም። ቁስሉን በጨው ውሃ አጥቤ ቅባት ቀባሁትና ወደ ቤቴ ገባሁ። ያ ቢጫ ነገር የመገጣጠሚያው ፈሳሽ መሆኑን የተረዳሁት በኋላ ነው። ያላነከሰችውም ቀዳዳው ክፍት ሆኖ ፈሳሹ ወደ ውጭ ስለሚወጣ፣ በከረጢቱ ውስጥ ግፊት ስላልነበረ ነው። እሑድ ቀዳዳው ሲደፈን ቋንጃዋ ተነፋ፤ ሰኞ ጠዋት የኮቴዋን ጫፍ ብቻ መሬት አስነክታ፣ ላብ አጥምቋት፣ ድርቆሹን ሳትነካ ቆማ አገኘኋት። ሐኪሙ በመርፌ የቀዳው ፈሳሽ እንደ ውሃ የቀጠነና የደፈረሰ ነበር። ታጠበላት፤ በመገጣጠሚያው ውስጥም በደም ሥርም አንቲባዮቲክ ተሰጣት። ሆኖም ልም አጥንቱ ተበልቶ ነበር። ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ ከዚያ በላይ እንድትሰቃይ መፍቀድ ስላልቻልን አሰናበትናት።

ይህን የምጽፈው አዝኑልኝ ብዬ አይደለም። በመገጣጠሚያ አጠገብ ያለ ቁስል ስፋቱ አይታይ፤ የሚታየው ቦታው ነው።

የእንስሳት ሐኪም፦

ስለ ባዝራዎ ከልቤ አዝናለሁ። የጻፉት ነገር በሙያው ውስጥ ያለ ሰው ሊጽፈው ከሚችለው ሁሉ የበለጠ ግልጽ ነው፤ እኔ ምክንያቱን ብቻ ላክልበት።

የጤነኛ መገጣጠሚያ ፈሳሽ ፈዘዝ ያለ ቢጫና የጠራ ነው፤ በሁለት ጣት መካከል ሲይዙት ጥቂት ሴንቲሜትር እንደ ክር ይሳባል። በአንድ ሊትር ውስጥ የሚገኙት ነጭ የደም ሴሎች ከአንድ ቢሊዮን ያንሳሉ፤ ፕሮቲኑም ከ20 ግራም በታች ነው። ተሕዋስያን ሲገቡ ነጭ ሴሎቹ ከ30 ቢሊዮን፣ ፕሮቲኑም ከ40 ግራም ሊያልፍ ይችላል። ልም አጥንቱን የሚበላው ተሕዋሱ ብቻ አይደለም፤ ተሕዋሱን ለመዋጋት የመጡት ሴሎች የሚረጩት ኢንዛይምም አብሮ ይበላዋል። ልም አጥንት የራሱ የደም ሥር ስለሌለው አንዴ ከተበላ በቀድሞ መልኩ አይተካም። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ በብዙ ሊትር ንጹሕ ፈሳሽ የታጠበ መገጣጠሚያ የመዳን ዕድሉ ሰፊ ሲሆን፣ በቆየ ቁጥር ዕድሉ እየጠበበ ይሄዳል። ቁስሉን በቅባት አለመሸፈንና በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ ጠቅልሎ ሐኪም መጥራት ነው የባለቤቱ ሥራ። ቀዳዳውን በእንጨት ወይም በጣት መመርመር ግን ቆሻሻውን ወደ ውስጥ መግፋት ነው።

የድሮ ጋላቢ፦

በፈረስ መካከል ከ40 ዓመት በላይ ኖሬአለሁ፤ የሐኪሙንም ምክር አከብራለሁ። ነገር ግን እንዲህ ያለውን ለስላሳ እብጠት በዘመናችን በጋለ ብረት በመተኮስ ወይም ቆዳውን በሚያቃጥል ቅባት በማሸት እናደርቀው ነበር፤ ፈረሶቹም ወደ ሥራቸው ሲመለሱ በዓይኔ አይቻለሁ። ዛሬ ለምን በአብዛኛው እንደተተወ የሚያስረዳኝ ባገኝ ደስ ይለኛል።

ባለ ሦስት ፈረስ፦

አባቴ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ እኔም ይህ ሲደረግ እያየሁ ነው ያደግሁት። ፈረሶቹ መመለሳቸው እውነት ነው፤ ግን የተተኮሰ ፈረስ ቁስሉ እስኪድን ለወራት ማንም ኮርቻ አይጭንበትም ነበር። የዳነው በብረቱ ነው ወይስ በዕረፍቱ? ይህንኑ ጥያቄ በእንግሊዝ አገር የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በጅማት ጉዳት ላይ መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1983 አውጥተዋል፤ መተኮሱ ጅማቱ እንዲድን የጨመረው ነገር እንደሌለ ነው ያገኙት። እኔን ያሳመነኝ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ በተተኮሰ ቆዳ ላይ ጠባሳ ስለሚቀር ቀጥሎ የሚመጣውን እብጠት በእጅ ለመለየት ያስቸግራል።

የድሮ ጋላቢ፦

ዕረፍቱን አላሰብሁትም ነበር። እውነትዎን ነው፤ ከተተኮሱ በኋላ ቢያንስ አንድ ወቅት ሙሉ መስክ ላይ ይቀመጡ ነበር። ስላስረዱኝ አመሰግናለሁ።

የውርንጭላዋ ጠባቂ፦

በመካከል በመግባቴ ይቅርታ። ከተወለደች ስምንት ቀን የሆናት ውርንጭላ ከትናንት ጀምሮ የቀኝ የፊት እግር ጉልበቷ አብጧል፤ ታነክሳለች፤ ብዙ ትተኛለች። ባዝራዋ ረግጣት ይሆናል ብለን ቀዝቃዛ ጨርቅ አሰርንላት። እንዲሁ እንቀጥል?

የእንስሳት ሐኪም፦

እህቴ፣ አይቀጥሉ፤ አሁኑኑ ሐኪም ይጥሩ። በጥቂት ቀን ወይም ሳምንት ዕድሜ ላይ ያለች ውርንጭላ መገጣጠሚያዋ አብጦ ስታነክስ፣ ሌላ ምክንያት እስኪረጋገጥ ድረስ በደም የመጣ ተሕዋስ ነው ተብሎ ነው የሚታከመው። ተሕዋሱ ብዙ ጊዜ የሚገባው በእትብቷ ወይም በአንጀቷ በኩል ነው። እትብቷ እርጥብ ወይም ያበጠ መሆኑን ይዩ፤ ሙቀቷን ይለኩ፤ ሙቀቷ ልከኛ ቢሆንም አይዘናጉ። ሐኪሙ እንገሩን መቼና ምን ያህል እንደጠባች ይጠይቅዎታል፤ ምክንያቱም ውርንጭላ ያለ መከላከያ ትወለድና መከላከያዋን የምታገኘው ከእንገሩ ብቻ ነው፤ አንጀቷም ከተወለደች 24 ሰዓት ገደማ ካለፈ በኋላ ሊቀበለው አይችልም። ሌሎቹን መገጣጠሚያዎቿንም አንድ በአንድ ይዳስሱ፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ነው የሚያዘው።

የውርንጭላዋ ጠባቂ፦

ሐኪም እየመጣ ነው። እትብቷ እርጥብ ነው፤ ግራ ቋንጃዋም ሞልቷል። ጨርቁን ፈትተንላታል።

ኮቴ አስተካካይ፦

የእኔ ሥራ ከቁርጭምጭሚት በታች ስለሆነ ስለዚያ ልናገር። የመጋላው ባለቤት፣ የፈረስዎ ኮቴ ለመጨረሻ ጊዜ የተቆረጠው መቼ ነው? ኮቴ በወር አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ያድጋል። ፊቱ ሲረዝምና ተረከዙ ሲጎተት፣ ፈረሱ እግሩን ለማንሳት በእያንዳንዱ እርምጃ በዚያ ረጅም ጫፍ ላይ መገልበጥ ይኖርበታል፤ ጫናውን የሚሸከመውም ቁርጭምጭሚቱና ከበስተኋላ ያሉት ጅማቶች ናቸው። አንዱ ጎን ከሌላው ከፍ ካለ ደግሞ መገጣጠሚያው በአንድ በኩል ብቻ እየተፋጨ ይውላል። ፈረሱን በደረጃ ቦታ አቁመው ከጎን ሲያዩት የኮቴው ፊትና ከእሱ በላይ ያለው አጥንት በአንድ ቀጥታ መስመር መውረድ አለባቸው፤ መስመሩ ኮቴው ላይ ሲደርስ ወደ ኋላ ከተሰበረ ጊዜው አልፏል ማለት ነው። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ መስተካከሉ ለአብዛኞቹ ፈረሶች ይበቃል። ጠቅላላውን በአንድ ቀን ለማረም ግን አይቸኩሉ፤ በረዘመ ኮቴ ላይ የለመደ መገጣጠሚያ በድንገት ሲቀየርበት ይታመማል።

የመጋላው ባለቤት፦

አሥራ አንድ ሳምንት ሆኖታል። ዝናብ በመብዛቱ አስተላልፌው ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።

የሐኪሙን ጉብኝት ውጤት ልንገራችሁ። ሐኪሙ መጀመሪያ በእርምጃ፣ ቀጥሎ በሶምሶማ አየው። ከዚያም ቁርጭምጭሚቱን ለአንድ ደቂቃ ያህል አጥፎ ከያዘ በኋላ ወዲያው አስሮጠው፤ የመጀመሪያዎቹን ስምንት እርምጃዎች በግልጽ አነከሰ። ቦታውን ላጭቶ ደጋግሞ በፀረ ተሕዋስ ካጠበ በኋላ በመርፌ ፈሳሽ ቀዳ። ፈሳሹን በመስታወት ብልቃጥ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አሳየኝ፤ የጠራ ቢጫ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ነው ትንፋሼ የተመለሰው። በራጅ ሲታይ በመገጣጠሚያው የፊት ጠርዝ ላይ ትንሽ የአጥንት እድገት አለ፤ የተሰበረ ነገር የለም። በዕድሜው ምክንያት የጀመረ የልም አጥንት መሳሳት እንዳለበትና ረጅሙ መንገድ እንዳስቆጣው ነገረኝ። በመገጣጠሚያው ውስጥ ሃያሉሮኒክ አሲድና ትራይአምሲኖሎን የተባለ የኮርቲሶን ዓይነት ወግቶታል፤ ለሰባት ቀንም የሚበላ ፌኒልቡታዞን የተባለ የሕመም ማስታገሻ አዟል። ከመርፌው በኋላ ሁለት ቀን ጋጣ ውስጥ፣ ቀጥሎ በእጅ እየተመራ በቀን ሁለት ጊዜ አሥር አሥር ደቂቃ እንዲራመድ ተባልሁ። በፋሻ ልሰረው ይሆን?

የእንስሳት ሐኪም፦

መልካም ዜና ነው፤ የባልደረባዬም አካሄድ ጥንቃቄ የተሞላበት ነው። ጥቂት ነገር ላሳስብዎ።

መርፌ በተወጋበት መገጣጠሚያ ላይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አዲስ ሙቀት ወይም ድንገተኛ ብርቱ ማነከስ ካዩ በዚያው ቀን ይደውሉ፤ መርፌ ራሱ ተሕዋስ ሊያስገባ ይችላል፤ አጋጣሚው ጥቂት ቢሆንም ከደረሰ ከላይ እንደተነገረው የባዝራዋ ታሪክ አስቸኳይ ነው። ኮርቲሶን የወሰደ ፈረስ በተለይም ወፍራም ከሆነ በኮቴው ውስጥ ያለው ሥጋ ሊቆጣበት ስለሚችል፣ ጠዋት ጠዋት የፊት ኮቴዎቹን ሙቀት ይዳስሱ፤ ክብደቱን ወደ ኋላ ጥሎ የሚቆም ከሆነም ልብ ይበሉ።

ፌኒልቡታዞንን ከፍሉኒክሲን ወይም ከሌላ የዚህ ወገን ማስታገሻ ጋር አንድ ላይ እንዳይሰጡ። ሁለቱ ተደምረው ጨጓራን፣ አንጀትንና ኩላሊትን ይጎዳሉ፤ ፈረሱ ውሃ ካልጠጣ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። መጠኑ በክብደት ስለሆነ በግምት አይስጡ። ሚዛን ከሌለ በመለኪያ ገመድ የደረቱን ዙሪያ ከጋማው ሥር ጀርባው ላይ አሳልፈው በሴንቲሜትር ይለኩ፤ ርዝመቱንም ከትከሻው አጥንት ጫፍ እስከ መቀመጫው አጥንት ጫፍ ይውሰዱ። ዙሪያውን በራሱ አባዝተው፣ ያንን በርዝመቱ አባዝተው፣ ለ11,880 ሲያካፍሉት ክብደቱ በኪሎ ግራም ይወጣል። ዙሪያው 165፣ ርዝመቱ 150 ሴንቲሜትር የሆነ ፈረስ 344 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ሌላም ነገር፦ ብዙ አገሮች ይህን መድኃኒት የወሰደ ፈረስ ሥጋው ለምግብ እንዳይውል ይከለክላሉ።

ፋሻ ለእንዲህ ያለው መገጣጠሚያ የግድ አይደለም። ካሰሩ ግን ከሥር ወፍራም ጥጥ ሳያደርጉ አይሰሩ፤ ፋሻው በየዙሩ እኩል ይሳብ፤ ጣትዎ ከላይ ጠርዙ ገብቶ መውጣት አለበት፤ በየ12 ሰዓቱም ይፍቱት። ያለ ጥጥ ወይም በአንድ ቦታ ጠብቆ የታሰረ ፋሻ ከበስተኋላ ያለውን ጅማት ቆርጥሞ ሲጎዳ ያየሁት ብዙ ጊዜ ነው። ያኔ በመገጣጠሚያው ላይ የነበረው ችግር ቀላሉ ይሆናል።

ባለ ሦስት ፈረስ፦

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ፤ ዕረፍት ወይስ እንቅስቃሴ? አሮጊቷ ባዝራዬ 22 ዓመቷ ነው፤ ሁለቱም ቋንጃዎቿ የተጎዱ ናቸው። ለረጅም ጊዜ ባመማት ቁጥር ጋጣ ውስጥ እዘጋባት ነበር፤ በወጣች ቁጥር ደግሞ ከመግባቷ በፊት ከነበረው ይበልጥ ደርቃ ትወጣለች። አሁን ቀኑን ሙሉ መስክ ላይ ናት። ልም አጥንት የደም ሥር ስለሌለው ምግቡን የሚያገኘው መገጣጠሚያው ሲጫንና ሲለቀቅ ከፈሳሹ እየመጠጠ መሆኑን አንድ ሐኪም ካስረዳኝ ወዲህ ነው አያያዜን የቀየርሁት። ስለዚህ ለአዲስ፣ ለሚሞቅ፣ ለሚያም እብጠት ዕረፍት፤ ለቆየ፣ ለቀዘቀዘ፣ ደርቆ ለሚነሳ መገጣጠሚያ ደግሞ በየቀኑ እኩል የሆነ ለስላሳ እንቅስቃሴ። ስድስት ቀን አቁሞ በሰባተኛው ቀን ሩቅ መንገድ መጋለብ ከሁሉም የከፋ ነው።

ስለ ውፍረቱም ይጠየቁ። እ.ኤ.አ. በ1983 ዶን ሄኔኬ በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ያወጣው ከ1 እስከ 9 የሚደርስ መለኪያ አለ፤ 5 መካከለኛው ነው፤ በዚህ ላይ ያለ ፈረስ ጎድን አጥንቱ ለዓይን አይታይም፣ በእጅ ግን በቀላሉ ይገኛል። ባዝራዬ ከ7 ወደ 5 ስትወርድ ያየሁትን ለውጥ ምንም ዱቄት አላመጣልኝም።

የመጋላው ባለቤት፦

የእኔው 6 ወይም 7 ሳይሆን አይቀርም፤ ጎድኑን ለማግኘት ጣቴን መጫን አለብኝ። ድርቆሹን በሚዛን መስጠት ጀምሬአለሁ።

የውርንጭላዋ ጠባቂ፦

በገባሁት ልክ ውጤቱን የመናገር ዕዳ አለብኝ። ሁለቱም መገጣጠሚያዎቿ በዚያው ዕለት ታጠቡ፤ የጉልበቷ ከሁለት ቀን በኋላ ተደገመ። ለአራት ሳምንት አንቲባዮቲክ ወስዳለች። ቋንጃዋ እስካሁን ትንሽ ወፈር ይላል፤ እሷ ግን ከእናቷ ፊት ቀድማ ትሮጣለች።

ዘግይቼ የጠራሁ፦

እህቴ፣ ይህን በማንበቤ እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግርዎ አልችልም።

የመጋላው ባለቤት፦

ዛሬ ሰባተኛ ሳምንቱ ነው። ኮቴው በሦስት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ ተስተካክሏል። የደረቱ ዙሪያ በአራት ሴንቲሜትር ቀንሷል። በእጅ እየተመራ ከሚሄድበት አሥር ደቂቃ ተነስቶ አሁን አርባ ደቂቃ በእርምጃ በኮርቻ ይሄዳል፤ ካለፈው ሳምንት ጀምሮም ለስላሳ መሬት ላይ ሁለት ሁለት ደቂቃ ሶምሶማ ጨምሬለታለሁ። እብጠቱ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ ሐኪሙም ላይጠፋ ይችላል ብሎኛል፤ ከረጢቱ አንዴ ስለተለጠጠ ነው። መጠኑ ግን ከእንቁላሉ ግማሽ ወደ አውራ ጣት ጫፍ ወርዷል፤ ቀዝቃዛ ነው፤ ስጫነውም አይነጥቀኝም።

ጠዋት ጠዋት ከኮርቻው በፊት አራቱንም እግር በእጄ ጀርባ እዳስሳለሁ። ዛሬ የግራውን የኋላ እግር አንስቼ ቁርጭምጭሚቱን እስከ መጨረሻው አጠፍሁት፤ ጆሮው ወደ ድርቆሹ እንደዞረ ቀረ፤ ማኘኩንም አላቋረጠም።